በእናንተ ሰዓት ነው በእኛ?

ሰዓት አያውቅም ተብዬ ነው ከቴሌስኮፑ የተባረርኩት። ያውም በአማቴ ፊት።

እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት፣ ማትናስ ከሚሉት የሰፈራችን የሕዝብ ማዕከል ጓሮ፣ እሁድ እሁድ ማታ እየተሰበሰብን ሰማይ የምናይ ጥቂት ሰዎች ነበርን። ኃላፊያችን አዲሱ ሰፈር፣ ካርሜ ጋት የሚኖር፣ ጥርሱ የማይከደን ሰው ነው። ቴሌስኮፑ የሚቀመጥበት እግር ሞተርና ኮምፒውተር አለው፤ ቀኑንና የአገሩን ሰዓት ከነገሩት ራሱ ዞሮ ኮከቡን ይፈልጋል። እኛ ግን ከክረምት ወዲህ በእጅ እያዞርን ነበር የምናየው። በበጋ አንድ እሁድ ሞተሩ ይነሳ ተባለና ሰዓቱን የማስገባት ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ሸብቶ፣ ኡልፓን በሚሉት የዕብራይስጥ ማስተማሪያ ውስጥ የልጄ እኩያ አስተማሪ ፊት ተቀምጬ ነው። በሰው መሀል "አንተ ጻፍበት" መባል ለእኔ ተራ አልነበረም።

ስለዚህ አማቴን ይዣቸው ሄድኩ። እኚህ ሰው ልጃቸውን ላልተማረ መዳራቸው እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል፤ አይደብቁትም።

"ዛሬ ሻብታይን ከነቀለበቱ አሳይዎታለሁ" አልኳቸው። ሻብታይ የሚሉት ሳተርንን ነው።

ስልኬን አይቼ ሰዓቱን አስገባሁ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ኃላፊው "እሱን እኔ አስተካክዬዋለሁ፣ እለፈው" አለኝ። አለፍኩት። የቴሌስኮፑ ቱቦ እያጉረመረመ ዞሮ ቆመ። አማቴ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን አስጠጉ።

"ምን ይታይዎታል አባ?"

"ጨለማ።"

ኃላፊው መቆጣጠሪያውን ከእጄ ወሰደና "በማን ሰዓት ነው ያስገባኸው? በእናንተ ነው በእኛ?" አለኝ በዕብራይስጥ። እኛ ሀበሾች ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን እንደሆነ ከየት እንደሰማ እንጃ። ሁሉም ሳቀ። አማቴ ዕብራይስጡ አይገባቸውም፤ ሳቁ ግን ገባቸው።

"ምን አለህ?"

ስድቤን ራሴ ተረጎምኩላቸው።

"ታዲያ በእኛ አድርገኸው ይሆናላ!" አሉ።

የሰውየው ቀልድ አይደለም ያቃጠለኝ፤ የእሳቸው ማመን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ በነሱ ሰዓት ፈረቃ ስገባ ስወጣ ኖሬ! አፌን ግን አልከፈትኩም። ከዚያ ወዲያ መቆጣጠሪያውን የሰጠኝ የለም፤ ቱቦውም እንደ ድሮው በእጅ ይዞር ጀመር። አማቴማ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ "አማቼ ሰማዩን አጣው" እያሉ ያሳቁብኝ ጀመር። እኔም እልህ ይዞኝ እየሄድኩ ከኋላ እቆም ነበር።

የክረምት ሰዓት ሲገባ፣ ለበጋ አንድ ሰዓት ወደ ፊት የተገፋው የአገሩ ሰዓት ወደ ቦታው ሲመለስ ማለት ነው፣ ኃላፊው ሞተሩን አስነሳ፤ ሰዓቱንም ራሱ አስገባ። ቱቦው ሄዶ ሻብታይ ላይ ቆመ። ሰውየው ያቺን የእንግሊዝኛ ጥያቄ፣ ለካ "የበጋ ሰዓት ነው የክረምት?" የምትል ኖሯል፣ አየት አድርጎ ሳቀ።

"ይሄ ለካ ካምና ጀምሮ በክረምት ሰዓት እንደተሞላ ነው! ለዚህ ነዋ በበጋ አንድ ሰዓት ስቶ የነበረው።"

"ማን ነበር የሞላው?" አልኩት።

"እኔ" አለ፣ ቱቦውን ወደ ሌላ ኮከብ እየላከ።

"ና፣ ይህንን ለአማቴ ንገርልኝ።"

"አሁን?"

"አሁን።"

አማቴ ሁለት ሕንጻ አልፎ ካለው ቤታቸው ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰውየው በዕብራይስጥ አስረዳ፤ አስተርጓሚው ደግሞ እኔው ነኝ። አማቴ ሰምተው ሰምተው ዓይናቸውን አጠበቡብኝ።

"እሱ ነው እንዲህ ያለው ወይስ አንተ ነህ የጨመርክበት?"

ምን ብዬ ልማል? ሰውየው ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "አኒ ታዒቲ" አለ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ማለቱ ነው። ይህቺን አማቴም ያውቋታል። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

"ታዲያ ያን ለት ምን አፍህን ለጎመው?" አሉኝ።

"ሰማዩን አጣው" ማለታቸው ያበቃው የክረምት ሰዓት በገባበት እሁድ ማታ ነው።