በጾም የመጣው የትል ኪኒን

መምህርት ያለምወርቅን ግትር ናት ይሏታል። ናት! ሱሉልታ እንደሷ ያለ ግትር ቢበዛላት ኖሮ የትምህርት ቤታችን ልጆች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ፊታቸው ገርጥቶ ክፍል ውስጥ ባላንቀላፉ ነበር። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ እሷ ሳይንስ። በየዓመቱ ለተማሪው የሆድ ትል ኪኒን የምታድለውም እሷ ናት።

አምና ኪኒኑ የመጣው በሁዳዴ ጾም፣ ረቡዕ ጠዋት ነበር። “ቁርስ በልታችኋል?” ብላ ጠየቀች። ሁሉም “አዎ!” አሉ። የእኛ ልጆች መጾማቸውን ለመምህር አይናገሩም፤ “ገና ልጅ ነህ፣ ብላ” እንዳይባሉ ይዋሻሉ። በባዶ ሆዳቸው ዋጡትና ግቢው ትውከት በትውከት ሆነ። በማግስቱ ከተማው “ኪኒኑ መካን ያደርጋል” ማለት ጀመረ። ጉድ እኮ ነው! ትሉ የልጆቹን ደም ሲጠጣ ዝም ያለው ሁሉ ባንድ ቀን ሐኪም ሆኖ አደረ።

ዘንድሮም በጾም መጣ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ኦቦ ባጫ ሰው አስከትለው የትምህርት ቤቱን በር ዘጉት። የገዛ ልጃቸው ሊቤ ደም አንሷት ሰልፍ ላይ ትወድቃለች።

“መምህርት፣ ከፋሲካ በኋላ ይሁን” አሉ።

“ያኔ ኪኒኑ ወደ ሌላ ወረዳ ሄዷል፣ ኦቦ ባጫ። ትሉ ነው እዚሁ የሚቀረው። ጾም አላስፈታም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከበሉ በኋላ እሰጣለሁ።”

ርዕሰ መምህሩ “ተማሪ ከተለቀቀ በኋላ ኃላፊነት አልወስድም” አለ።

“እኔ እወስዳለሁ!” አለችው። ደስ አለኝ።

ቅዳሴ ሲወጣ ንፍሮ በትልቅ ድስት አስቀርባ ጠበቀች። ጥቂት ልጆች በአጥር ሾልከው ገቡ። የቀሩትን እናቶቻቸው በር ላይ እጃቸውን ይዘዋቸዋል። የገቡትም ንፍሮውን በሉ እንጂ ኪኒኑን የሚነካ ጠፋ። ያለምወርቅ ንቅንቅ አላለችም።

በአጥር ከገቡት መካከል ሊቤ ንፍሮዋን ጨርሳ ተነሣችና እጇን ዘረጋች።

“ሊቤ! ኮቱ!” ብለው አባቷ ከበሩ ጮኹ።

“አልመጣም፣ አባዬ! የሚያመው የኔን ሆድ ነው” አለችና ኪኒኑን አኝካ ዋጠች።

ሁሉም እስክታስመልስ ጠበቀ። እሷ ግን ተጨማሪ ንፍሮ ጠየቀች። ኦቦ ባጫ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አስከተሏቸው ሰዎች መልሰው “ምን ትገተራላችሁ? በሩን ልቀቁ፣ ልጆቹ ይግቡ!” አሉ።