በእህቴ ኒካህ ቀን የተኛው ካርድ

አባቴ ግትር ሰው ነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ከሱ ጋር በሬ የተገበያየ ሁሉ ይመሰክራል። ዐረብ አገር ያለችው ታናሽ እህቴ ባል ማግኘቷን ደውላ ስትነግረው፣ ልጁም የኛው አካባቢ፣ የጨፋ ሮቢት ሰዎች ልጅ መሆኑን ሲሰማ፣ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ፊቱን ሳላይ ግን አልድርም» አለ።

ያለ አባት ቃል ኒካህ አይታሰርም። የሰፈራችን ሼህ፣ «በስልክ ድምፅህን ከሰሙ ይበቃል እኮ፤ ምስክርም አለ» ብለው ሊያግባቡት ሞከሩ።

«ሼህ፣ እኔ በሬ እንኳ ጥርሱን ሳላይ አልገዛም» አላቸው። «ይሄ ደግሞ ልጄን ሊወስድ የመጣ ነው።»

ችግሩ ማየቱ ላይ ነበር። ያን ሰሞን የሞባይል ዳታ ተቋርጧል፤ መነጋገር እንጂ መተያየት የለም። እህቴም ብትሆን አሠሪዎቿ ካሜራ ያለው ስልክ ስለማይፈቅዱላት፣ ከሄደች ጀምሮ የምናውቃት በድምፅ ብቻ ነው። በሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ያለው ደግሞ እኔ ጋ ነው፤ ቤታችን ፊት ለፊት ባለችው የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ሱቄ ውስጥ። የሞደሙ ዋይፋይ ከሞተ ቆይቷል። ኬብሉ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካልተሰካ ምንም ነገር የለም። እንግዲህ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የተቆረጠው ኒካህ በአንድ ኬብልና በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ይኸው ኮምፒውተር በቫይረስ የተነሳ እየተንቀረፈፈ ነፍሴን ያወጣው ነበር። በኒካሁ መሀል ቀጥ ብሎ እንዳያዋርደኝ ብዬ፣ ሐሙስ ዕለት የድሮውን ሲስተም ጠራርጌ ሊኑክስ የሚባለውን ጫንኩበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ አዲስ የተገዛ እስኪመስል ፈጠነ፤ እኔም በራሴ ኮራሁ። ዓርብ ጠዋት ኢንተርኔቱን ልከፍት ስል ግን «ኬብል አልተሰካም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ኬብሉን እኮ በገዛ እጄ ነው የሰካሁት፤ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ!

ነቅዬ ሰካሁት። ጫፍና ጫፉን አገላብጬ ሰካሁት። ሌላ ኬብል አመጣሁ። ሞደሙን አጥፍቼ አበራሁ፤ ኮምፒውተሩንም እንደዚያው፣ ደጋግሜ። ኬብሉ ከሚገባበት ቀዳዳ ጎን አረንጓዴ መብራት መኖር ነበረባት፤ የለችም። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ጠየቅሁ። ኬብሉን የሚቀበለው የኔትወርክ ካርድ አለ፤ ስሙም ዓይነቱም ተጽፏል። ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ አውጥቼ በሌላ ልቀይረው አልችልም። ተነሣ ብዬ ስጽፍለት ትእዛዙን ይቀበላል፤ መነሣቱን ግን አይነሣም። እምቢ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። እሺ እያለ የማይሠራ ነገር ጨርቅ ያስጥላል።

ደሴ ያለው የኮምፒውተር ባለሙያ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ።

«ካርዱን የሚያሠራው ድራይቨር ይሆናላ» አለኝ ዘና ብሎ። «ከኢንተርኔት አውርድና ጫነው።»

ከኢንተርኔት! ላም አለኝ በሰማይ። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ጁምዓ ተሰገደና ሰዎቹ መጡ። ሼሁና ምስክር የሚሆኑ ሁለት ጎረቤቶቻችን አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። አባቴ አዲስ ሽርጡን አገልድሞ፣ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ፣ ፕላስቲክ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ተቀመጠ።

«አልመጣም?» ይለኛል።

«እየሞከርኩ ነው አባ።»

«ኦብሲ» ይለኛል፤ ታገሥ ማለቱ ነው። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው እሱ፣ የሚነደው እኔ፣ ታገሥ ባዩም እሱ!

እህቴ ደወለች። «ወንድምዬ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ኢማሙ ሌላ ኒካህ ስላለባቸው ከከሰዓት በኋላው የዐሥር ሶላት በፊት ይሄዳሉ። እኔም እረፍት የተሰጠኝ ዛሬን ብቻ ነው፤ ዳግመኛ መቼ እንደሚለቁኝ አላህ ነው የሚያውቀው። ምናለ አባን ብታስረዳልኝ?»

አባቴን ዞር ብዬ አየሁት። ባዶው ስክሪን ላይ አፍጥጧል።

«አባ፣ በቃ በስልክ ስጥ! የሰው ልጅ በሬ አይደለም!» ብዬ ጮኽኩበት።

ጎረቤቶቻችን «አስተግፊሩላህ» አሉ። በሽማግሌ ፊት አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። እሱ ግን አልተቆጣም። «ማየት አለብኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ደሜ ፈላ። መብራት በሄደ ቁጥር እንዳይጠፋብኝ ኮምፒውተሩን የማኖረው ዩፒኤስ ላይ ነው፤ መብራት ኖረም አልኖረ ከባትሪው ሳጥን አይላቀቅም። የኤሌክትሪክ ገመዱንም ሌሎቹንም ከጀርባው መንጭቄ ነቀልኳቸው። ኮምፒውተሩን ታቅፌ ወደ በሩ አመራሁ። ምን ላደርገው እንደነበር እንጃ፤ አስፋልቱ ላይ ሳልፈጠፍጠው አልቀርም ነበር። ሼሁ ተነሥተው ክንዴን ያዙኝ።

«ሸይጧን ነው» አሉኝ። «አስቀምጠው። ቁጭ በል፣ ውሃ ጠጣ።»

ጠጣሁ። ሰዎቹን ቀና ብዬ ማየት ስላፈርኩ ብቻ፣ ሥራ ያለኝ ለመምሰል፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ መልሼ ሰካኋቸውና አበራሁት። ከጀርባው አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ ማለት ጀመረች።

ጓደኛዬ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ የድሮው ሲስተም ለመጨረሻ ጊዜ ሲዘጋ ካርዱን አስተኝቶት ነው የሄደው፤ አዲሱ ደግሞ መቀስቀሱን አላወቀበትም። አጥፍቶ ማብራት ዋጋ የለውም፤ ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚደርሰው ካርዱ እንደተኛ ይቀራል። ገመዱ ጨርሶ ሲነቀል ግን ሁሉን ረስቶ እንደ አዲስ ይነሣል። ይህን ስሰማ ደስ አላለኝም። ግማሽ ቀን ትእዛዝ ስጽፍ ውዬ መድኃኒቱ ንዴት ሆኖ መገኘቱ እንደገና አናደደኝ።

ወደ ሙሽራው ስልክ በቪዲዮ ደወልኩ፤ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፤ ግንባሩ በላብ ረጥቧል። «አሰላሙ ዓለይኩም አባ» ብሎ አንገቱን ሰበረ።

«ወዓለይኩም ሰላም። ጎሽ፣ አየሁህ» አለው አባቴ፣ በጨረፍታ አየት አድርጎት። አለቀ። ከጠዋት ጀምሮ ያንገበገበኝ ፊት ይኼው ነው! «አሁን ፈቀቅ በልልኝማ ልጄ። ከኋላ ያለችዋን ልያት።»

ሙሽራው ግራ ተጋብቶ ፈቀቅ አለ። ከሴቶቹ መሀል እህቴ ተነሥታ ቀረበች። እናታችን ከሞተች በኋላ ፀጉሯን እያበጠረ ያሳደጋት እሱ ነው፤ «ናፈቅሽኝ» ሲላት ግን በስልክም ሰምቼው አላውቅም። ወንበሩን ጎትቶ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋ።

«ከሳሽ» አላት።

«አልከሳሁም አባ።»

«ፉላ ኬ ና አርጊሲሲ» አላት፤ ፊትሽን በደንብ አሳዪኝ ማለቱ ነው። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች፤ ስታለቅስ ነበር። እሱም ያያታል፣ ያያታል። እኔ ኬብሉን እንዳይወልቅ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ።

ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንድሜ፣ ሙሽራው ቃልህን እየጠበቀ ነው።»

አባቴ ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሣም።

«ይጠብቅ» አለ። «እኔስ ስጠብቅ አልኖርኩም?»