ከጀርባ የተቀረጸው ጓደኛዬ

እኔንና ጓደኛዬን ጌትነትን ያረጁ የጣሊያን ፊልሞች ለክፈውን ነበር። ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ዝም ብሎ ሲሄድ እያየን እንቀና ነበር። እኩዮቻችን ኳስ ሲያዩ እኛ ጣና ዳር ነን፤ እሱ ይሄዳል፣ እኔ ከኋላ በስልኬ እቀርጻለሁ። ዞር ካለ እቆጣለሁ፦ «ፊት የሚያሳየው የሰርግ ቪዲዮ ነው!»

ባለፈው ክረምት ጌትነት ታሞ ሞተ። አርባው ሲቃረብ እናቱ ቤቴ መጡ።

«ልጄ ፎቶ አይወድም ነበር። አንተ ግን ስትቀርጸው አይ ነበር፤ እስኪ አሳየኝ» አሉኝ።

ከፈትሁላቸው። ጀርባው፣ ደንገሉ፣ ውሃው። ሌላም ከፈትሁ፤ ያው ጀርባ። ፊቱን ፍለጋ እስከ መጨረሻው አሳለፍሁ፤ አንድም የለም።

እሳቸው ስልኩን ተቀብለው ወደ አፌ አስጠጉልኝ።

«እባክህ ጥራው፤ ያንተን ድምፅ ሲሰማ ይዞር ይሆናል።»