ያሸነፈኝ ሰው

የያዙኝ ቀን ባጃጅ ሥር ተኝቼ ዘይት እያፈሰስኩ ነበር። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ ጫማ ብቻ ነው። ጭቃ የበላቸው ሁለት ጥንድ ጫማዎች መጥተው ጭንቅላቴ አጠገብ ቆሙ። ከዚያ አንድ ድምፅ ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጠራ። ከወረቀት እያነበበ እንደሆነ ያስታውቃል።

መርሳ ከተማ ውስጥ በአያቴ ስም የሚጠራኝ ሰው የለም። በዚያ ዓመት ስሜ እንዲያ ተሟልቶ የተለጠፈው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ ለክልሉ ምክር ቤት የተወዳደርን ሰዎች ዝርዝር ላይ። ዝርዝሩ እጃቸው እንደገባ ገና ከባጃጁ ሥር ሳልወጣ ገባኝ። እጄን ልጥረግ ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈቀዱልኝ።

ታጣቂዎቹ ከተማዋን ከያዙ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። የመንግሥት ሠራተኛው አብዛኛው ወደ ደሴ ሸሽቷል። ሚስቴም አብራቸው ሄዳለች፤ እኔ የቀረሁት እናቴ ከአልጋ ስለማትነሣ ነው። ደግሞም ማን ይፈልገኛል ብዬ ነበር። የተወዳደርኩት ለተቃዋሚ ፓርቲ ነው፤ ያውም ተሸንፌ። የተሸነፈን ሰው ማን ያስራል?

የወሰዱኝ ወደ አንድ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። በሩን ከፍተው ሲገፉኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር። አፍንጫን ወግቶ ዓይን ውስጥ ይገባል። ዕንባዬ ወረደ። በሽታው ይሁን በፍርሃት፣ እዚያ ቤት ውስጥ መለየት አይቻልም። መሬቱ ላይ የተበተነው ነጭ ፍሬ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ ከጫማዬ ሥር ተጣበቀ። መስኮት የለም። ብርሃን የሚገባው በግድግዳውና በቆርቆሮው መሃል ባለች ክፍተት ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሰዎቹን ቆጠርኩ። አሥራ አራት ነበሩ።

አሥራ አራተኛው እሱ ነው። ያሸነፈኝ ሰው።

የኬሚስትሪ መምህር ነበር፣ የገዢው ፓርቲ እጩ። በቅስቀሳው ሰሞን ገበያ መሃል ቆሞ የእኛን ፓርቲ «የሻይ ቤት ፓርቲ» ብሎ ሰዉን አስቆብናል። እኔም ከአንድ ምርጫ ጣቢያ ታዛቢዬ ስለተባረረ ቅሬታ ጽፌበት ነበር። ቅሬታዬ ውድቅ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ አንዳችን ወደ ሌላው ጠርዝ እንሻገራለን። አሁን ግን ጢሙን አሳድጎ፣ የገበሬ ጋቢ ተከናንቦ፣ ከግድግዳው ጥግ ኩርምት ብሏል። አየኝ። ፊቱ ላይ የነበረውን ልረሳው አልችልም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሲፈራው የነበረው ሰው መጣበት።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። የሀብሩ ገበሬ ናቸው፤ መቁጠሪያቸውን ቀምተዋቸው በጣታቸው አንጓ ይዘክራሉ።

«አንተ ልጅ፣ ያ የምታየው ከግራና ከተማ የመጣ የማንጎ ነጋዴ ነው» አሉኝ፤ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ። «ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ አባቴ።»

«አብሽር» አሉ። ለእኔ ይሁን ለእሱ አላወቅሁም።

ነገሩ ቀስ በቀስ ነው የተገለጸልኝ። ሲይዙት መታወቂያ አልያዘም፤ የሞተ ወንድሙን ስም ሰጣቸው። ታጣቂዎቹ የአሸናፊውን ስም እንጂ መልኩን አያውቁም። ፎቶው ያለበትን ፖስተር ግማሹን ዝናብ በልቶታል፤ የቀረውን ሰዉ ራሱ ከግድግዳ ላይ ቀዶ ጨርሶታል። መጋዘኑ ውስጥ ካለነው መካከል ግን የማያውቀው አልነበረም። ልጁን በፈተና የጣለበት አባት እዚያ ነበር። በመሬት ጉዳይ የተጣላው ሰው ነበር። ድምፁን ለእኔ የሰጠም ሳይኖር አይቀርም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። በቀን ሦስት አራቴ በሩ ይከፈትና አንድ ሰው ይጠራል። የተጠራው እስኪመለስ ማንም አይናገርም። ሲመለስ ሁላችንም ፊቱን እናነባለን፤ ተናግሯል? አልተናገረም?

እኔን የባሰ ያስጨነቀኝ የራሴ ምላስ ነው። ከተማው ሁሉ «መምህር» እያለ ነው የሚጠራው፤ እኔም ስንጣላ እንኳ «መምህር» ነበር የምለው። ውኃ አቀብለኝ ልል አፌን ስከፍት ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ይቆማል። በመጨረሻ ምንም አለመናገሩን መረጥኩ።

እሱም ቢሆን ማስተማር ከደሙ አልወጣለትም። በሁለተኛው ቀን አንድ ወጣት ሹፌር ዓይኑን እያሸ «ምን ዓይነት መርዝ ነው ያስቀመጡብን?» ሲል፣ መምህሩ ከጥጉ ሆኖ ያስረዳው ጀመር፣

«መርዝ አይደለም። ዩሪያው እርጥበት ሲያገኝ ይፈርስና አሞኒያ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ከዓይን ውኃ ጋር ሲገናኝ...»

አቋረጠ። ከበሩ ውጭ የጠባቂው እግር ሲንቀሳቀስ ሰማን። በሩ ተከፈተ።

«ማነው እዚህ ትምህርት የሚሰጠው?»

ሽማግሌው ጊዜ አልፈጁም።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። የልማት ጣቢያ ሰዎች በየክረምቱ ይችንኑ ሲነግሩኝ ሃያ ዓመቴ ነው። አንተ ገበሬ የወለደህ ከሆንክ አባትህም ያውቁታል።»

ጠባቂው ትንሽ አያቸውና ዘጋው። መምህሩ ፊቱን ጋቢው ውስጥ ቀበረ።

እኔ የተጠራሁት በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሚዛን ቤት የምትባል ትንሽ ክፍል ውስጥ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ተቀምጧል። አማርኛው ከእኔ አማርኛ የጠራ ነው። አልጮኸም። ወንበር ሰጠኝ።

«እስቲ የምክር ቤታችሁን አሠራር አስረዳኝ» አለኝ።

«ምኑን ላስረዳዎት?»

«ከላይ ጀምር።»

የማውቀውን ተናገርኩ። ሕዝቡ አባላቱን ይመርጣል፤ አባላቱ አፈ ጉባኤውን ይመርጣሉ፤ ቋሚ ኮሚቴዎቹ የየቢሮውን ሥራ ይከታተላሉ፤ ብዙ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ክልሉን ያስተዳድራል። እያወራሁ እጄን አየሁት። ዘይቱ ከጥፍሬ ሥር አልወጣም።

«ከወንበሮቹ ስንቱ የተቃዋሚ ነው?»

«ጥቂት።»

«ከዚህ አካባቢ ፓርቲህ ስንት አገኘ?»

«ምንም።»

ፈገግ አለ። «ታዲያ ይኼ ምክር ቤት ነው? አንድ ሰው ብዙ ወንበር ላይ ተቀመጠ ማለት አይደለም?»

ይህንኑ እኔ ራሴ በቅስቀሳ ወቅት ከዚህ በመረረ ቃል ተናግሬዋለሁ። ከእሱ አፍ ስሰማው ግን መስማማት አቃተኝ።

ከጠረጴዛው መሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣ። በእጄ የጻፍኩት ቅሬታ ነው። ፊርማዬን አየሁ።

«በድለውሃል። እኛ ልንክስህ ነው። ለከተማዋ ሸንጎ እያቋቋምን ነው፤ ሰብሳቢ ያስፈልገዋል። እናትህም መድኃኒት ያስፈልጋታል አሉ። ከአንተ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኼ ያሸነፈህ ሰው ከከተማ አልወጣም። የት ነው?»

እናቴን አነሣብኝ። እውነቱን ለመናገር ወዲያው አልመለስኩም። መልስ ሳልሰጥ የቆየሁባት ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደነበረች ዛሬም አላውቅም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ያሰብኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፍም።

«ደሴ ገብቷል ሲባል ሰምቻለሁ» አልኩ። «ሰብሳቢ ያሉኝን ደግሞ አልችልም።»

«ለምን?»

«ሰዉ አልመረጠኝም።»

«ሰርቀውህ ነዋ! የጻፍከው አንተው ነህ።»

«የጻፍኩት ስለ አንድ ጣቢያ ነው። ያ ጣቢያ ቢሰረዝም ያሸንፈኝ ነበር።»

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ለሚስቴም፣ ለፓርቲዬም አልተናገርኩትም ነበር። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ተነሣ።

«ና እንግዲያው» አለኝ።

እስረኞቹን በሙሉ ግቢው ውስጥ አሰለፏቸው። ካፊያ ይጥላል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ብርሃን ላይ ስለወጡ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈን ጨፈን ያደርጋሉ። ሰውየው ከጎኔ እየተራመደ «የምታውቀውን ሰው ማንነቱን ንገረኝ» አለኝ። የሚያየው እነሱን አይደለም፤ የእኔን ዓይን ነው።

አሰብኩ። መርሳ ትንሽ ከተማ ናት። ሁሉንም አላውቅም ብል ውሸቴ ያስታውቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ይኼ ሹፌር ነው። እኒህ ገበሬ ናቸው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ አያቸዋለሁ። ይኼን አላውቀውም። ይኼ ልብስ ሰፊ ነው። መምህሩ ፊት ስደርስ እንደሌሎቹ ቆምኩ። ካፊያው በጢሙ ላይ ይወርዳል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ይኼን አውቀዋለሁ» አልኩ።

ከጎኔ ያለው ሰው ቆመ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የግራና ማንጎ ነጋዴ ነው። ባጃጁን እኔ ጋ ነው የሚያሠራው። ፍሬን ሳያስጠብቅ እየነዳ ስንት ጊዜ ተጣልተናል።»

ሰውየው ወደ እሱ ዞረ። «ማንጎ ሲበላሽ ከየት ይጀምራል?»

መምህሩ የአትክልተኛ ልጅ ነው፤ እኔ ግን ያኔ አላውቅም ነበር። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በገጠር አነጋገር፣ «ከተቀጠፈበት ጋ ነው፣ ጌታዬ። ከግንጩ» አለ።

ሰውየው ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ እኔ መጣና ጆሮዬ ሥር «ዋሽተህ ከሆነ የምትጠየቀው አንተ ነህ» አለኝ። ሌሎቹን አላስጨረሰኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከምርመራው የከፉ ነበሩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም አንድ ላይ እንደነግጣለን። መምህሩ በዚያው ዕለት፣ ብርሃኑ ከክፍተቷ ሳይጠፋ፣ እየዳኸ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አመሰግናለሁ ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«ታዛቢህን ያባረርኩት እኔ አይደለሁም» አለኝ በሹክሹክታ። «ግን በዚያው ቀን ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ።»

ደሜ ፈላ። ስለ እሱ ዋሽቼ የራሴን ነፍስ ካስያዝኩ ገና ሰዓታት መሆኑ ነው። አንገቱን ማነቅ ፈለግሁ። ድምፄን ከፍ ባደርግ ደግሞ ጠባቂው ይሰማል።

«ዛሬ ነው የምትነግረኝ?» አልኩት።

«ነገ ላልኖር እችላለሁ።»

ተራው የእኔ ስለነበረ የውኃው ጀሪካን እጄ ላይ ነበር። ድርሻዬን ጠጣሁና አቀበልኩት። ጀሪካኑን ደግፌ ያዝኩለት። ጠጥቶ እስኪጨርስ አልለቀቅሁም።

በሳምንቱ ገበሬዎቹንና ነጋዴዎቹን ለቀቋቸው። እሱም ከሽማግሌው ጋር ወጣ፤ ሽማግሌው ክንዱን ይዘው «ና እንጂ፣ አንተ ነጋዴ» እያሉ ሲጎትቱት ሰማሁ። በገጠር በገጠር ተጉዞ ከታጣቂዎቹ ይዞታ እንደወጣ ኋላ ነው የነገሩኝ። ምክር ቤቱ ባሕር ዳር ላይ ሲመሠረት አልደረሰም፤ ቃለ መሐላ የፈጸመው ዘግይቶ ነው። እኔን «ሐሳብህን እስክትቀይር» ብለው አስቀሩኝ። ከመጋዘኑ የወጣሁት ከተማዋን ለቀው ሲሄዱ ነው። እናቴን ጎረቤት እየተፈራረቀ አቆይቶልኛል። ከአሥራ አራቱ ሰዎች አንድም የተናገረ አልነበረም። ልጁን በፈተና የጣለበትም ሰው፣ በመሬት የተጣላውም።

አሁን ጋራዤ ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን አለች። የምክር ቤቱ ጉባኤ ሲተላለፍ ሥራዬን እየሠራሁ እሰማለሁ። አፈ ጉባኤው «የሚደግፍ?» ይላል፤ አዳራሹ በሙሉ እጅ ይሆናል። «የሚቃወም?» ሲል ብዙ ጊዜ ጸጥታ ነው። አንድ ጊዜ ግን «ድምፀ ተአቅቦ?» ብሎ «አንድ» ሲል ሰማሁ። ካሜራው ሰውየውን አላሳየም። ጉባኤው ሲበተን መፍቻዬን አስቀምጬ ለመምህሩ ደወልኩ።

«አንተ ነህ?»

ሳቀ። «አይደለሁም። እኔ ከሁሉም ጋር ነው እጄን ያወጣሁት። ልዋሽህ አልፈልግም።»

«አውቄዋለሁ» አልኩት። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

ስለ መጋዘኑ አንነጋገርም። ያችን ጣቢያ ይቅር አላልኩትም፤ እሱም ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም። በሚቀጥለው ምርጫ እንደገና እገጥመዋለሁ ብዬ ነግሬዋለሁ። ደንበኞቼ አንዳንዴ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያዩት ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተ እኮ ነበርክ እዚያ መቀመጥ የነበረብህ» ይሉኛል። ሊያስደስቱኝ ብለው ነው።

«አይ» እላቸዋለሁ። «አሸንፎኛል።»

ይህን ስናገር ዛሬም ትንሽ ያመኛል።