ይቅደሙ፣ አባቴ

ሰበታ ውስጥ እኔ በምታከምበት ጤና ጣቢያ፣ ተራውን ለሌላ የሚለቅ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ስመላለስ የሰልፈኛው ክርን ጎኔን እንደሚያውቀው የገዛ ሚስቴም አታውቀው። ስኳር አለብኝ። ቀኝ እግሬ ላይ ከአውራ ጣቴ ሥር ቁስል ወጥቶ አልጠግግ ቢል፣ አዲስ አበባ ትልቁ ሆስፒታል ያለው ሐኪም የአንድ ወር ቀጠሮ ሰጠኝና «እስከዚያ ካልዳነ ጣቱን እናነሳዋለን» አለኝ። እንደ ዕቃ ነው የተናገረው። ጣቱ ግን የኔ ነበር።

ቀጠሮውን በሰጠኝ ማግሥት በመጣው ሰኞ ጠዋት፣ እያነከስኩ ስደርስ ሰልፈኛው ሁሉ ከአግዳሚው ብድግ አለ።

«ይቅደሙ፣ አባቴ።»

«ኧረ ኦቦ፣ እርስዎ ቆመው እኛ ልንገባ ነው?»

ሁልጊዜ የሚገፋኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር አለ፤ እሱ ራሱ ክንዴን ደግፎ እስከ በሩ አደረሰኝ። ሰው በአንድ ቅዳሜና እሁድ እንዲህ ይለወጣል ወይ እያልኩ፣ ሁሉንም እየመረቅሁ ገባሁ።

የቁስል ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የማውቃት ሲስተር የለችም። ኃላፊ ሆና ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራለች። በሷ ቦታ ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ ቆማለች፤ ጋዋኗ ላይ የታጠፈበት መስመር ገና አልጠፋም። ዓርብ ዕለት ሥራ ጀምራ፣ አንዲት ነጋዴ ሴትን መርፌ ስትወጋ ሦስት ቦታ ሞክራ ሥሯን አጥታው፣ ወሬው ከሴትየዋ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ኖሯል። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። የዚያን ሰኞ ግን ዞር ስል ሾፌሩ በሩን ከኋላዬ ቀስ አድርጎ ሲዘጋው አየሁና ነገሩ ገባኝ።

የቀድሞዋ ሲስተር እጇ ፈጣን ነበር። ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ እያወራች፣ ወሬው ሳያልቅ እኔን አስራ ትጨርስና «ቀጣይ» ትላለች። ይህችኛዋ እጇን ታጠበች። ደግማ ታጠበች። ጓንት አጥልቃ የጠረጴዛውን ጠርዝ ስለነካች አውልቃ ጣለችውና ሌላ አጠለቀች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ አሜን ልል ስል፣ ለካ የተማረችውን በቃሏ እየወጣች ነው።

«በማን እግር ነበር የተለማመድሽው፣ ልጄ?» አልኳት።

«በአሻንጉሊት፣ አባባ።»

«እሱስ ዳነ?»

ሳቀች፤ ፋሻውንም መፍታት ጀመረች።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። መቼ ቆሰለ፣ ሲነካ ይሰማል ወይ፣ ምን እበላለሁ፣ ሥራዬ ምን ነበር። ከፋብሪካ ጡረታ እንደወጣሁ እየነገርኳት ሳለ ኃላፊዋ በሩን ከፍታ ብቅ አለች።

«ሲስተር፣ ይሄ እኮ የትምህርት ቤት ፈተና አይደለም። ሰው ቆሟል።»

እውነቷን ነው፣ ሰው ቆሟል። ለመግባት ግን አልነበረም።

ልጅቷ ቁስሉን አጥባ አሰረችና «ጫማዎን ልየው» አለችኝ። ጫማዬ አልታመመም አልኳት። አልሰማችኝም፤ እጇን ከተተችና ዳበሰች፣ ዳበሰችና ቆመች። ከክረምቱ በፊት ሊስትሮው ዘንድ ሶሉን በሚስማር አስመትቼው ነበር። አንዱ ሚስማር ወደ ውስጥ ብቅ ብሎ ልክ ከአውራ ጣቴ ሥር ተቀምጧል። ሁለት ወር ሙሉ ቁስሌ ታጥቦ፣ ታስሮ፣ ከዚያ እኔ ሚስማሩ ላይ ቆሜ ቤቴ ስገባ ኖሬያለሁ። እግሬን ስኳሩ ስላደነዘዘው አልሰማሁትም።

ኃላፊዋ ተጠርታ መጣች፤ ሚስማሩን ትክ ብላ አየችው።

«ጫማ መጠገን የኛ ሥራ አይደለም» አለች። ወጥታ ስትሄድ ደግሞ ለኔ «አይዞዎት፣ ትለምዳለች» አለችኝ። ያስፈራኝ እሱ ነበር።

የልጄን ሸራ ጫማ ተውሼ መመላለስ ያዝኩ። ሰልፈኛው በየቀኑ ያስቀድመኛል፤ ልጅቷ በየቀኑ ሁለቴ ትታጠባለች። ቀጠሮው ሲደርስ ሐኪሙ እግሬን ወደ መብራቱ አዙሮ አየና፣ «ጠግጓል» ብሎ ከወረቀቴ ላይ አንድ መስመር ሰረዘ። ያ መስመር ጣቴ ነበር።

በማግሥቱ ላመሰግናት ሄድኩ። የሚስማሩ ወሬም ገበያ ደርሷል። ኃላፊዋ የምትሠራበት ክፍል ፊት ለፊት ሁለት ሰው ብቻ ተቀምጧል፤ የልጅቷ በር ላይ ሰልፉ እስከ ግቢው ዛፍ ይደርሳል። ቀረብ ብል ሾፌሩ ክንዱን ዘረጋብኝ።

«ኦቦ፣ ተራ አለ።»

«ልሰናበታት ነው እንጂ አልታመምኩም።»

«ካልታመሙማ ጭራሽ ከመጨረሻ ነዎት።»

ከብዙ ሰዓት በኋላ ገባሁ። ምስጋናዬን ሳልጨርስ አስቀምጣ ጫማዬን አስወለቀችኝ፤ ዓይኔን እንድጨፍንም አዘዘችኝ።

«አሁን ስነካዎት ይሰማዎታል?»

«ነካሽኝ እንዴ?»

«ጣትዎ ተረፈ እንጂ እግርዎ ገና አይሰማም። በየሐሙሱ እየመጡ ያሳዩኛል» አለችኝ። ሾፌሩ ከውጭ በሩን ደበደበ። እሷ ወደሚቀጥለው ጣት አለፈች።