የተሰፋው ኪስ

ታላቅ እህቴ ወደዚያች የመዝናኛ ደሴት የሄደችው ሥራ ሞልቷል ተብላ ነበር። ደርሳ ያገኘችው ግን «ሙከራ» የሚሉት ነገር ነው። ቅዳሜ እንግዶች ወጥተው ሌሎች ስለሚገቡ ሆቴሉ አልጋ አንጣፊ ያጥረዋል። ጠዋት ይጠሯታል፤ አሥራ ሁለት ክፍል ታጸዳለች፤ ማታ «እንጠራሻለን» ይሏታል። ሁለት ሆቴሎች እንዲህ አድርገው ሸኟት። የመቆያ ፈቃዷ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የቅጥር ወረቀት ካላገኘች መመለሷ ነው።

ወደ ሦስተኛው ሆቴል ስትወጣ አብራት የምትኖረው ልብስ አጣቢ፣ «እቱ፣ ኪስሽን ጠብቂ» አለቻት። «ባለፈው አንዷን ከሽርጧ የእንግዳ ቀለበት ተገኘ ብለው አባረሯት። ማን እንደከተተው እግዜር ይወቅ።»

እህቴ ድሮም ጥላዋን አታምንም። ቤት ሳለን የስኳሩ ዕቃ ላይ ምልክት ታደርግ ነበር። የተሰጣትን ሽርጥ ይዛ ልብስ መቀየሪያው ገባችና መርፌና ክር አወጣች፤ የሁለቱንም ኪስ አፍ ሰፍታ ዘጋችው።

የጽዳት ኃላፊዋ ደረሰችባት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እትዬ፣ ኪስ ከሌለኝ የሚገባብኝ የለም።»

«እኛን ሌባ ማለትሽ ነው?»

«ኧረ እኔንም እርስዎንም ከነገር ላድን ብዬ ነው።»

ኃላፊዋ ሽርጡን አገላብጣ አይታ መልሳላት ሄደች። እህቴም፣ አለቀ፣ በገዛ እጄ እንጀራዬን ዘጋሁ አለች።

ከሰዓት በኋላ የአንዲት እንግዳ ጉትቻ ጠፋ። ሠራተኞቹ ተሰልፈው ኪሳቸውን እንዲገለብጡ ታዘዙ። እህቴ የምትገለብጠው አልነበራትም።

«ይቺ እንኳ ጠዋት ራሷን ፈትሻ ጨርሳለች» አለች ኃላፊዋ። ሰልፉ ሳቀ። ጉትቻው በኋላ ሊታጠብ ከተከመረ አንሶላ መሀል ወጣ።

ማታ ኃላፊዋ ሌሎቹን ተሞካሪዎች «እንጠራችኋለን» ብላ አሰናበተች። እህቴን አስቀረቻት።

«ለኪስሽ ብዬ እንዳይመስልሽ። ስፌትሽ ቀጥ ያለ ነው፤ የተቀደደ አንሶላ የሚጠግንልኝ አጥቻለሁ። ሰኞ ነይ።»

«ወረቀቱስ?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ ሩቅ ነው እትዬ። ዛሬ ይጻፍልኝ።»

ተጻፈላት። እሷ ግን ቤት ወስዳው ልብስ አጣቢዋ ሁለት ጊዜ እስክታነብላት ድረስ አልፈረመችም።

ዘጠኝ ዓመት ሠራች። ዘንድሮ ሕይወቷ እዚያው አለፈ፤ ሻንጣዋ ብቻ መጣ፤ ሽርጡም ከታች ተጣጥፎ ነበር። እናታችን ኪሶቹን ደባብሳ፣ «ምን ደብቃ ይሆን?» አለች።

ምንም የለባቸውም። ክሩን ግን አልፈታነውም።