የማንም ያልሆነው ድስት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ጎረቤት ሰርግ ቤት ጓዳ ገብቼ ስረዳ፣ አንዲት ልጅ እጀታው በቀይ ጨርቅ የተጠመጠመ ጭልፋ አቀበለችኝ። የጨርቁ ጫፍ እሳት ለብልቦት የተቃጠለ ጥጥ ይሸታል።

«ጨርቁ ምንድን ነው?» አልኳት።

«እጅ እንዳያቃጥል ነዋ፣ እትዬ!» ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። እዚህ ድስቱ ሁሉ የአንድ ሃይማኖት ስለሆነ፣ ጨርቅ ከእጅ ሌላ የሚጠብቀው ነገር የለም። እኔ ግን ጭልፋውን እንደያዝኩ ትንሽ ቆምኩ።

የእናትሽን ሰርግ እንድነግርሽ ስትጠይቂኝ ኖረሻል። እሷን ብትጠይቂያት ብዙ አትነግርሽም፤ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ የምታየው የሰው ጫማ ነው። ጓዳውን ያየሁት እኔ እህቷ ነኝ።

ጅጅጋ ነው፤ የሶማሊያው ጦርነት ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ቀኑ የቅበላ እሑድ ነበር፣ በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባል። ድግሱን የምትመራው የሠፈራችን ባልቴት ነበረች። የወታደር ሚስት ሆና መጥታ፣ ባሏ ሲሞትባት እዚያው የቀረች ሴት ናት። አዛዧ እንላት ነበር። በከተማው ውስጥ እሷ ያልመራችው ሰርግ ቢኖር እንኳ እሷን ሳያማክር የተደገሰ አልነበረም። የጓዳው ቁልፍ በአንገቷ፣ ነጠላዋ በወገቧ፣ ድምፅዋ ከሹክሹክታ አይበልጥም። እንግዳ የሚያየው ዳሱንና ሙሽሮቹን ነው። እሷ የምታየው የውሃውን በርሜል፣ የጭሱን አቅጣጫ፣ የሰካራሙን አጎት መቀመጫ ነበር። ወጥ ያልደረሰ እንደሆነ በር ላይ ቆመው ሙሽራውን አናስገባም ወደሚሉት ልጃገረዶች ትልክና «አጥብቃችሁ ያዙ» ትላለች። እነሱም ይይዛሉ። ሙሽራው የባህሉ ወግ ይመስለው ነበር፤ የሚጠብቀው ግን ሽንኩርት ነው።

የጅጅጋ ድግስ ሁለት ምድጃ ነበረው። አንዱ የክርስቲያን እርድ የሚሠራበት፣ ከቤቱ ጀርባ። ሌላው የእስላም እርድ የሚሠራበት፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር። ቢላው፣ ጣባው፣ ውሃ መቅጃው ሳይቀር ለየብቻ ነው። አዛዧ የክርስቲያኑን ዕቃ ሁሉ ቀይ ጨርቅ፣ የእስላሙን ነጭ ጨርቅ ታስርበታለች። ያንን የማያውቅ የጅጅጋ ሰው አልነበረም። ከኒሙ ሥር ያለውን ምድጃ የያዘችው ሶማሌዋ ወተት ሻጭ ነበረች፣ የአዛዧ የገበያ ወዳጅ። አዛዧን «አባዮ» ትላታለች፣ እህቴ ማለቷ ነው።

በዚያ ቀን ከኒሙ ሥር ያለው ድስት ከሌላው ጊዜ የከበደ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሐጂ ሊመጡ ነው። ከብት ነጋዴ ናቸው፣ ከቀብሪበያ ገበያ ጠፍተው አያውቁም። ከጦርነቱ በፊት ከአባቴ ጋር አንድ በረንዳ ላይ ሻይ ሲጠጡ ነበር የሚያመሹት። ከዚያ ሁለቱም ሸሹ፣ ሁለቱም ተመለሱ፣ እንደ በፊቱ ግን አልሆነም። ክፉ ቃል አልተለዋወጡም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሆነው እጅ ይነሳሳሉ፣ በቃ። አንዱ የሌላውን ደጃፍ አልረገጠም። አባቴ የጥሪ ወረቀቱን ራሱ ይዞ ተሻገረና ሐጂ እመጣለሁ አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ስለ ሰርጉ ሲያወራ ስለ ሙሽራዋ የሚያወራ አይመስልም ነበር።

የሙሽራው አጎት ልጅ ከመንዝ መጥቶ ነበር። በአሳላፊነት ተመድቦ ከቤተሰቡ ቀድሞ ደረሰ። ጎበዝ፣ ፈጣን፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ወተት ሻጯ ከበር የደረሰውን የግመል ወተት ልትቀበል ሄዳ፣ አዛዧ ዳሱን ዞር ዞር ብላ ስታይ፣ ይህ እንግዳ ከኒሙ ሥር ደረሰ። እኔና አዛዧ ስንመለስ በቀይ ጨርቁ ጭልፋ የእስላሙን ድስት እያማሰለ አገኘነው። ነጩ በሌላ እጁ ነው።

«በስመ አብ! ምን እያደረግህ ነው?» አለች አዛዧ።

«አስተካከልኩላችሁ እኮ!» አለ ደስ ብሎት። «ቀይ ወጥ ላይ ነጭ ጨርቅ፣ አልጫው ላይ ቀይ ጨርቅ አስራችሁ፤ ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ቀዩን ወደ ቀዩ መለስኩት።»

በአገሩ ሁለት ድስት ካለ አንዱ ቀይ ወጥ፣ ሌላው አልጫ ነው። ከዚያ ሌላ ልዩነት ሰምቶ አያውቅም። ነጩ ጭልፋ ገና ምንም አልነካም፤ ቀዩ ግን ከክርስቲያኑ ድስት እየተንጠባጠበ ነው የመጣው።

እናቴ ከኋላችን ደርሳ ሁሉን ሰምታ ኖሮ፣ ሻሿን ይዛ ቀረች። ከደጅ የሙሽራው መኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ማን አየ?» አለች ቀስ ብላ። «እኛ ብቻ ነን ያየነው። እንግዳው በር ላይ ነው፣ ሌላ የሚታረድ የለም፣ ከሰዓት እላፊው በፊት ሁሉ ነገር ማለቅ አለበት። በጌታ፣ ዛሬን እለፊኝ።»

አዛዧ ቀዩን ጭልፋ ከሰውዬው እጅ ተቀበለችው። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ልጇን እየዳረች ነበር። ይህን ያልኩት አሁን ነው፣ ያኔ ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም።

«እትዬ፣ ነገ ጾም ይገባል» አለች አዛዧ። «ይህን አብልቼ በየትኛው አፌ ነው የምጾመው?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሂጂ፣ ለልጃገረዶቹ ንገሪያቸው። አጥብቀው ይያዙ» አለችኝ።

ደርሼ ስመለስ ወተት ሻጯ ከድስቱ አጠገብ ቆማለች። ተነግሯታል። ድስቱን አየችና «የእናንተስ ሰዎች አይበሉትም?» አለች።

«የእናንተ እርድ ነው፣ አይበሉትም።»

«ናያ፣ አንቺ! እንዲያ ከሆነ የማንም አይደለማ!» ብላ ሳቀች። አዛዧም ሳቀች፣ ዐይኗ ግን ዕንባ አቅርሯል። ጭስም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወተት ሻጯ ክዳኖቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ሩዙ ንጹሕ ነው። ቅቤው እሷ ያመጣችው ነው። ወተቱ አለ፣ ቴምር አለ። «ለሐጂ ግን የሚነግራቸው የቤቱ ጌታ ነው፣ እኔ አይደለሁም» አለች።

አባቴ ሲነገረው ኮቱን ቆለፈ። ማስታጠቢያውን ይዤ እንድከተለው ታዘዝኩ፤ የሰማሁትም ስለዚህ ነው። ሐጂ ከሦስት ሽማግሎች ጋር በዳሱ ቀኝ ጥግ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። የሽቷቸው ሽታ ከአዲሱ ሸራ ሽታ ጋር ተደባልቋል። አባቴ ከፊታቸው በርከክ አለ። ጉምሩክ ጸሐፊ ስለነበር ነገርን በቅደም ተከተል መናገር ይወድ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከመጨረሻው ጀመረ።

«ሐጂ፣ ሥጋ የለኝም። የእኛ ጭልፋ ከድስታችሁ ገብቷል። ሩዝና ወተት ነው ያለኝ።»

ሽማግሎቹ ወደ ሐጂ አዩ። ሐጂ ጢማቸውን ያዙ።

«ማን አየው?»

«የጓዳ ሴቶች ብቻ።»

«እና ባትነግረኝ፣ በልቼ መርቄ እሄድ ነበር።»

«አዎ።»

ከደጅ የልጃገረዶቹ ዘፈን እየጠነከረ ነው፤ አጥብቀው ይዘዋል። ሐጂ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው በሶማሊኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እኛ የተወለድነው እዚያ ስለሆነ ሰማሁት፤ «ይህ ሰውዬ ሳይለወጥ አረጀ» ነበር ያሉት። ከዚያ በአማርኛ፦

«ወሪያ፣ አንተ ጸሐፊ፣ ሥጋማ ቤቴም አለኝ። ልጄ፣ ነይ እጄን አስታጥቢኝ።»

ውሃውን አፈሰስኩላቸው። ሩዙን በወተት በሉ። አባቴ አልተነሳም፤ ሙሽራው በር ላይ እየጠበቀው፣ ሐጂ የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች እስኪውጡ ድረስ እዚያው በርከክ እንዳለ ቆየ።

ያን ድስት የመንዙ ሰው ራሱ ተሸክሞ ወደ ከተማው ዳር ወሰደው። ለጅጅጋ ውሾች ቅበላ ሆነላቸው። ሙሽሮቹ ምንም አላወቁም። ሰርጉ እንደሚያልፈው አለፈ፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ዳሱ ባዶ ሆነ። አዛዧና ወተት ሻጯ ድስቶቹን አጥበው፣ ቀዩን ወደ ቀይ፣ ነጩን ወደ ነጭ አስቀመጡ። አዛዧ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዐረፈች፣ ነፍስ ይማር። በቀብሯ ዕለት ወተት ሻጯ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ እስከ መጨረሻው ቆማ ነበር።

በሰርጉ ማግስት ሰኞ ጠዋት፣ የሐጂ ልጅ አንዲት ጥቁር ራስ ነጭ በግ እየሳበ መጣ። «አባቴ፣ ራሳችሁ እረዷት ብሏል» አለ። ጾም ገብቷል። አባቴ ሳቀና በጓን ከአጥሩ ሥር አሰራት። ፋሲካ ደረሰ፣ ሌላ በግ ተገዝቶ ታረደ። በዓመቱም እንዲሁ። እናቴ አንድ ሁለቴ ጠይቃ ተወችው። ጠዋት ጠዋት አባቴ በጓን ይዞ ከደጅ ይወጣል፣ ሐጂም ከማዶ ይወጣሉ፣ ከዚያ አንዱ ይሻገራል።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት እኛም ዕቃችንን በጭነት መኪና ጭነን ወጣን። መኪናው ተነሥቶ ሊሄድ ሲል አባቴ አሁን ያረጀችውን በግ እየሳበ መንገዱን ተሻገረ። ሐጂ በራቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ወሪያ ጸሐፊ፣ ይህ ሁሉ ፋሲካ አልፎ፣ ምነው ሳታርዳት ቀረህ?»

«እኔ ካረድኋት አንተ አትቀምሳት፣ አንተ ካረድሃት እኔ አልቀምሳት» አለ አባቴ። «ታዲያ ምን ላድርጋት?»

ሐጂ ገመዱን ተቀበሉት። ሌላ የተባባሉትን አልሰማሁም፣ ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። አባቴ ወደ እኛ ሲመለስ በጓ ተከትላው ልትሻገር ሞከረች፣ ገመዱ ግን ያዛት።